የአብራሪው አእምሮ በግምት አይዳኝ

የቦሌ ማኮብኮቢያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጠመም ብሎ የተዘረጋ ነው። በዚህ የተነሣ ወደ ምዕራብ የሚነሣም ሆነ ከምዕራብ መጥቶ የሚያርፍ አውሮፕላን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ሰማይ ሳያቋርጥ አያልፍም። የሳሪስ፣ የላፍቶና የለቡ ነዋሪ ለምዶታል። ስልክ የያዘው ሰው ጉርምርምታው እስኪያልፍ «አንዴ ቆየኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣው ሴት ቀና እንኳ አትልም። ልጆች ግን ዛሬም አንጋጠው ያያሉ። ጎማው መውረዱን፣ ጅራቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይለያሉ፤ «ድሪምላይነር ነው!» «የለም፣ ኤርባስ ነው!» እየተባባሉ ይሟገታሉ።

አካባቢው ከአየር ጋር ያለው ዝምድና የዛሬ አይደለም። ስሙ ራሱ ገመድ አልባውን መገናኛ፣ ድምፅን ያለ ሽቦ በነፋስ የሚልከውን ስልክ ያስታውሳል። ክፍለ ከተማው ከልደታ ጋር በሚጎራበትበት በኩል ደግሞ ሰው እስካሁን «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ሰፈር አለ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዳግላስ ሲ-47 ከዚያው ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። ጄት ሲመጣ ሜዳው አጠረ፤ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ተሻገረ፤ ስሙ ግን ሰፈሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብረቱ ተለውጧል። የዛሬ አውሮፕላን ስለ ራሱ የማይመዘግበው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሞተሩን ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊት፣ የክንፉን ማዕዘን፣ የእያንዳንዱን ማብሪያ መከፈትና መዘጋት በሴኮንድ ክፋይ ይጽፋል። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ግን ድምፃቸው ብቻ ይቀዳል። በዚያች ቅጽበት አእምሯቸው ምን ያህል ተጨናንቆ እንደነበር፣ ደወሉን ሰምተውት ይሁን ሳይሰሙት የሚነግር መሣሪያ የለም። ስለ አብራሪው አእምሮ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። ይህ ግምት ኢትዮጵያን ምን እንዳስከፈላት ደግሞ ማንም አይረሳውም።

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ ተነሣ። የዚያን ዕለት የመነሻው አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ስለነበር አውሮፕላኑ በላፍቶ ሰማይ ላይ አላለፈም። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን 8,122 ሰዓት በሯል። ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነው፤ የበረራ ሰዓቱ 361።

አውሮፕላኑ መሬት በለቀቀ በሴኮንዶች ውስጥ በግራ በኩል ያለው የአየር ማዕዘን መለኪያ ተሳሳተ። የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲያሳይ የግራው 74.5 አለ። ወዲያው በዋና አብራሪው እጅ ያለው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህ «አውሮፕላኑ አየር ሊከዳው ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የግራና የቀኝ የፍጥነት መለኪያዎችም ቁጥራቸው ተለያየ። ልክ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር፣ ማንም ሳያዘው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ለ9 ሴኮንድ ወደ መሬት ገፋ። ዋና አብራሪው መልሶ አቀናው። ሶፍትዌሩ በ20ኛው ሴኮንድ እንደገና ገፋ።

በ35ኛው ሴኮንድ ረዳት አብራሪው የጅራቱን ማስተካከያ ኤሌክትሪክ መቁረጥ እንዳለባቸው ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ። ዋና አብራሪው ተስማማ፤ ተቆረጠ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 361 ሰዓት ብቻ የበረረ ልጅ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ መለኪያዎቹ እየተጣሉ፣ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ቁልቁል ተደፍቶ ሳለ፣ መመሪያው የሚለውን ቃል አግኝቶ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ጅራቱን በእጅ ለማስተካከል ሞከረ፤ አልሠራም። ዋና አብራሪው አብረው ወደ ላይ እንዲስቡ ጠየቀ። ፍጥነቱ ከገደብ ማለፉን የሚናገረው ድምፅ ይንጫጫል፤ ሌላው ማስጠንቀቂያ መሬት መቅረቡን ይናገራል። በ2 ሰዓት ከ44 ገደማ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቷል።

ያን አውሮፕላን የሠሩት ሰዎች ስለ አብራሪው አእምሮ አንድ ሐሳብ ነበራቸው። ሶፍትዌሩ በስሕተት አፍንጫውን ቢደፋ አብራሪው ችግሩን ለይቶ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ይወስዳል ብለው ገመቱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ከባድ ነገር ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ራሱ በሲሙሌተር ውስጥ ይኸው ነገር ሲያጋጥመው ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሴኮንድ በላይ ወስዶበታል፤ ውጤቱንም «አውዳሚ» ብሎ መድቦታል። የሙከራ አብራሪ ማለት ሥራው አደጋን መጠበቅ የሆነ ሰው ነው። ለእሱ 10 ሴኮንድ ካልበቃው፣ እሑድ ጠዋት መንገደኛ ጭኖ የተነሣ ሰው ስንት ሊወስድበት ይችላል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ይህንኑ ጉድለት በግልጽ ጻፈ። ቦይንግ ሙከራውን ሲያደርግ የጅራቱን መንቀሳቀስ ብቻ ነበር ያሳየው። መለኪያው በመሳሳቱ አብረው የሚነሡት ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች፣ የመሪው መንቀጥቀጥና የፍጥነቱ መለያየት፣ በሙከራው ውስጥ አልነበሩም። አብራሪው ጸጥ ባለ ክፍል ተፈተነ፤ ፈተናው የመጣው ግን በጫጫታ መካከል ነው። በዚያ ላይ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የማክስ ሲሙሌተሮቹ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት እንደማይችል አምኖ ማስተካከያ አድርጓል። አብራሪ የሚሠለጥንበት መስተዋት ራሱ ጠማማ ነበር።

የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻውን ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አወጡ። አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ ደግሞ ሪፖርቱ የአብራሪዎቹን አሠራር በበቂ አልተነተነም ብለው አስተያየት ሰጡ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። አንዱ ወገን «አብራሪው እንዲህ ማድረግ ነበረበት» ይላል፤ ሌላው «በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንዴት ብሎ!» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሁለት ሟቾች አእምሮ ነው። ሁለቱም ጋ የአእምሮ ልኬት የለም።

እዚህ ላይ ነው ሳይንሱ የሚገባው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ ያሳተመው ከአምስት ዓመት በኋላ። ኢኢጂ የሚባለው ምርመራ የተወለደው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢኢጂን የሚያውቀው አብዛኛው ሰው ከሚጥል በሽታ ጋር በተያያዘ ነው፤ ልጁን ይዞ የነርቭ ሐኪም ዘንድ የሄደ ወላጅ ያችን ባለብዙ ሽቦ ኮፍያ አይቷታል። የበረራ ተመራማሪው የሚጠቀምባት ኮፍያም ያችው ናት። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፤ የሚለካው በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው።

ሥራው ሲታይ ረጋ ያለ ነው። ባለሙያው የሠልጣኝ አብራሪውን ጭንቅላት በሜትር ይለካና ኮፍያውን ያጠልቃል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ፀጉሩን በቀጭን ዘንግ ገለጥ አድርጎ ቀዝቃዛ ጄል ጠብ ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ መሮጥ ይጀምራሉ። «ዓይንህን ጨፍን» ሲባል በራሱ ኋላ በኩል ያሉት መስመሮች በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለስ ለስላሳ ሞገድ ይሠራሉ፤ አልፋ ይባላል። «ግለጥ» ሲባል ይጠፋል። ሠልጣኙ ጥርሱን ቢነክስ መስመሩ ሁሉ እንደ እሾህ አጥር ይቆማል፤ ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ከፊት ያሉት መስመሮች ይዘላሉ። ከዚያ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሩ በኮፍያው ላይ ይታሰራል። ክፍሉ ይጠፋል። ሠልጣኙ ኮክፒት ውስጥ ነው፤ አንገቱን ወደ ግራ ሲያዞር የክንፉን ጫፍ፣ ቀና ሲል የጣሪያውን ማብሪያዎች ያያል፤ ከፊቱ ማኮብኮቢያው ተዘርግቷል። የነካው ነገር፣ ያየበት አቅጣጫና የአንጎሉ ሞገድ በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ይመዘገባሉ።

ከዚህ ምን ይገኛል? ሁለት ነገር ብቻ እናንሣ። የአእምሮ ሥራ ሲበዛ ከግንባር መሐል የሚወጣው ቴታ የተባለው ዘገምተኛ ሞገድ ይጎላል፤ ስለዚህ ተመራማሪው «ከበደኝ» የሚል ቃል ሳይጠብቅ ጭነቱን ማየት ይችላል። ሁለተኛው የበለጠ ይደንቃል። ሰው ሲጠብቀው የነበረ፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ሲሰማ፣ ከድምፁ በኋላ ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንጎሉ አንድ ግልጽ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው «ልብ ብዬዋለሁ» እንደ ማለት ነው። አእምሮ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ ያ ጉብታ ይከሳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ደወሉ ጮኋል፤ ጆሮው ጤነኛ ነው፤ ሰውየው ግን አልሰማም።

በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ በሚገኘው ኢዛኤ ሱፓኤሮ በተባለው የአቪዬሽን ተቋም ፍሬደሪክ ደሃይስና ባልደረቦቹ ይህን በሲሙሌተርም በእውነተኛ አውሮፕላንም ሲያጠኑ ቆይተዋል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች በጭንቅ ሰዓት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሊያመልጣቸው እንደሚችል በተደጋጋሚ አሳይተዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን በዓይን በኩል ከጥንትም ያውቀዋል፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላል። አዲሱ ነገር ልብ ያላየበትን ቅጽበት በሴኮንድ ክፋይ መጠቆም መቻሉ ነው።

ይህ የምርምር ወረቀት ላይ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ አንድ ምሳሌ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ወፎች ሁለቱን ሞተሮች አጥፍተውበት ካፒቴን ሰለንበርገር አውሮፕላኑን ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። በኋላ በሲሙሌተር ሲሞከር ወዲያው ከዞሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መመለስ ቻሉ፤ ታዲያ ለምን ወንዝ ውስጥ ገባ ተባለ። እነዚያ አብራሪዎች ግን ምን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ለመደንገጥና ለማሰብ የሚያስፈልገው 35 ሴኮንድ ሲጨመር መመለሱ አልተቻለም። ያ 35 ሴኮንድ ባይታሰብ ኖሮ አንድ ጀግና ጥፋተኛ ሊባል ይችል ነበር። ኢትዮጵያም የወፍ አደጋን በራሷ ሰማይ ታውቀዋለች፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱ ሞተሮች ውስጥ ገብተውበት ሲወድቅ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል።

ለያሬድና ለአህመድኑር 35 ሴኮንድ የጨመረላቸው ማን ነው? የመጀመሪያው የኤምካስ ግፊት ከመጣ በኋላ የመቁረጫው ቃል እስኪነገር ያለፈው ጊዜም፣ እንዳጋጣሚ፣ ልክ 35 ሴኮንድ ነው። አንዱ ጋ ያ ጊዜ የሰው ተፈጥሮ ተባለ፤ ሌላው ጋ የአሠራር ጉድለት እየተባለ ይጠየቃል።

የአእምሮ ነገር በጭንቅ ሰዓት ብቻ አይነሣም። በተቃራኒውም፣ በጸጥታ ጊዜም አለ። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረው የበረራ ቁጥር 343 መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦሌን አልፎ ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ቢጠሩ መልስ አጡ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የሚጮኸው ደወል እንደቀሰቀሳቸው ተዘገበ፤ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። አየር መንገዱ ከቁጥጥር ማዕከሉ ጋር ያለው ግንኙነት ለጊዜው መቋረጡን ገልጾ ሠራተኞቹን እስኪጣራ ድረስ ከበረራ አነሣ።

እንቅልፍ ደግሞ በኢኢጂ ላይ ከማንኛውም ነገር በበለጠ ይታያል። ዓይን ገና ሳይከደን፣ ሰውየው ራሱ «ነቅቻለሁ» እያለ፣ አልፋውና ቴታው ወፈር እያሉ መምጣት ይጀምራሉ። በሌሊት በረራ ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ በአራተኛው ተከታታይ ቀን፣ የሠልጣኞች ሞገድ ምን እንደሚመስል በሲሙሌተር ቢጠና፣ የሥራ ሰዓት ምደባ በወረቀት ስሌት ብቻ አይወሰንም ነበር። ሁለት ሰዎችን ከበረራ ማንሣት ለአንድ ሳምንት መልስ ይሆናል። ድካሙ የት እንደሚጀምር ማወቅ ግን ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ይጠቅማል።

እንዲህ ያለው ጥናት ለምን አዲስ አበባ ይደረጋል? ቱሉዝ ካለ አይበቃም ወይ?

አይበቃም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። የአየሩ ስስነት አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ፍጥነት ከፍ፣ የመውጣት አቅሙን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የቦሌ አብራሪ የሚያስብበት ጊዜ ከጅምሩ ጠባብ ነው። የመንገደኞች ክፍል አየር በበረራ ላይ በብዛት የሚስተካከለው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው፤ የጎፋና የመካኒሳ ሰው ቁርሱን የሚበላው እዚያው ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም የኦክስጅን መጠናቸውም ከባሕር ጠረፍ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ ነው። ተመራማሪዎቹ እዚህ ባይመጡ ኖሮ የአንዲስ ሰው ልኬት የሰሜን ሰው ልኬት ነው ተብሎ በመጽሐፍ ይጻፍ ነበር። በአብራሪውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ያልተለካ ሰው በሌላ ሰው ልክ ይሰፋለታል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሠረት አለ። ቦሌ ላይ ያለው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ ከስድሳ ዓመት በላይ አብራሪ ያስተማረ ነው፤ የበርካታ የአፍሪካ አገሮች ልጆች ይሠለጥኑበታል፤ 737 ማክስን ጨምሮ ዘመናዊ ሲሙሌተሮች አሉት። ጥቁር አንበሳ ላይ የነርቭ ሐኪሞችን የሚያወጣ ትምህርት ክፍል አለ። ኢኢጂ ማንበብ የሚችል ሰውና ኮክፒት የሚያውቅ ሰው በአንድ ከተማ፣ በታክሲ መንገድ ርቀት ውስጥ ይኖራሉ። የጎደለው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው።

ወጪውም እንደ ድሮው አያስፈራም። ሙሉ ሲሙሌተር በሚሊዮኖች ዶላር የሚገዛ፣ በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ እግሮች ላይ የቆመ፣ ሌት ተቀን ለሥልጠና የተያዘ መሣሪያ ነው፤ ለምርምር ሰዓት አይገኝበትም። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ግን ከአንድ ጥሩ ስልክ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የአውሮፓ የበረራ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በቨርቹዋል ሪያሊቲ ለሚሠራ የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ሰጥቷል። የአሜሪካ አየር ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2018 በቴክሳስ በጀመረው የሙከራ ሥልጠና መነጽሩን ከሰውነት ልኬቶች ጋር አጣምሮ ተጠቅሞበታል። መነጽሩ ሙሉ ሲሙሌተሩን አይተካም። ሃምሳ ሠልጣኝ አንድ ዓይነት ደወል በአንድ ዓይነት ሰከንድ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ይበቃል።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ አንዳንዱም ትክክል ነው። መነጽር ያደረገ ሰው እንደማይሞት ያውቃል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ የእውነቱን አያህልም። እውነት ነው። ነገር ግን በመነጽሩ ውስጥ፣ ሞት በሌለበት፣ አንጎሉ ደወሉን ከሳተው በእውነተኛው በረራ ላይ መሳቱ አይቀልለትም፤ ስለዚህ ልኬቱ ቢያንስ የታችኛውን ወለል ያሳያል። ሌላው ችግር የሰው ሞገድ ከሰው ሰው መለያየቱ ነው፤ የመነጽሩ ማሰሪያም ኤሌክትሮዶቹን ይጫናል፤ ጥቂት ሰዎችን ደግሞ ያቅለሸልሻቸዋል። እነዚህ ባለሙያ የሚፈታቸው ጉዳዮች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የአብራሪው ስጋት ነው። «ኮፍያውን ካጠለቅሁ በኋላ ያ ወረቀት የት ይሄዳል? ነገ ዕድገት ስጠይቅ ከፋይሌ ውስጥ ይወጣል?» ይህን የሚጠይቅ አብራሪ ፈሪ አይደለም። የዓይኑ ጉድለት በየጊዜው በምርመራ ይታያል፤ ልቡ በኢሲጂ ይታያል፤ የአእምሮው ሞገድ ግን ከማንም ጋር ያልተካፈለው የመጨረሻ ጓዳው ነው። ወደዚህ ጓዳ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ መግባት አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለዚህ ጥናት ግን ከአዋጁም የጠበቀ ቃል ኪዳን ያስፈልጋል። ስም ከሞገዱ ይለይ። መረጃው አሠሪው ዘንድ ሳይሆን የጥናቱ ተቋም ዘንድ ይቀመጥ። ማንም በሲሙሌተር ውስጥ ደወል ስላልሰማ አይቀጣ፣ አይዘዋወር፣ አይታማ። ይህ ካልተጻፈና ካልተፈረመ ጥናቱ ባይጀመር ይሻላል፤ የሚፈራ ሰው አንጎል የሚያሳየው ፍርሃቱን ብቻ ነው።

ቃል ኪዳኑ ከተያዘ ግን ተጠቃሚው በመጀመሪያ አብራሪው ራሱ ነው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 በደቂቃዎች ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ገብቶ 90 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሊባኖስ መርማሪዎች ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ቀሰሩ፤ አየር መንገዱ አልተቀበለም። ያኔም ስለ ሟቾች አእምሮ ተጻፈ፤ ያኔም የተለካ ነገር አልነበረም። አብራሪ ከሞተ በኋላ ስለ አእምሮው የሚጽፍለት ሌላ ሰው ነው። በሕይወት ሳለ፣ ፈቅዶ፣ ኮፍያውን አጥልቆ የሚተወው ልኬት ግን ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ምስክር ይሆንላቸዋል። አምራቹ «አብራሪው በጥቂት ሴኮንድ ይደርስበታል» ሲል «የእኛዎቹ ልኬት ይኸውና» ብሎ ወረቀት ማስቀመጥ የሚችል አገር ከአደጋ በኋላ መከራከር አይጠበቅበትም፤ አውሮፕላኑን ከመግዛቱ በፊት ይከራከራል።

በፈረንጅ ቤተ ሙከራ የተሠራው ሁሉ ይጠቅማል፤ ይነበብ፤ ይወሰድ። ነገር ግን 157 ሰው በምድሯ ያለቀባት አገር በዚህ ጉዳይ ላይ አንባቢ ብቻ ሆና መቅረቷ አያምርም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ አቪዬሽን ላይ ያላት ስም የሚመጥነው የራሷን ጥያቄ ራሷ ስትጠይቅ ነው።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ከአብራሪዎች ተወካዮች ጋር አንድ ስምምነት ይፈራረሙ። ሃያ ፈቃደኛ አብራሪዎች ይገኙ። የመጀመሪያው ሙከራ የሚሆነው በረራ ደግሞ ፍለጋ አያስፈልገውም፤ ሰከንድ በሰከንድ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ይነሣል፤ የግራው መለኪያ 74.5 ይላል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን 35 ሴኮንድ፣ በእነዚያ ሃያ ሰዎች አእምሮ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ለኩት።